ለመመለሻ የቀረችው ገጽ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነበር። ከተበላሸው የፎቶኮፒ ማሽን አጠገብ ነው ያስቀመጡት፤ ክርኔን ባሳረፍኩ ቁጥር ወደ ግራ ያዘነብላል። ከተማዋን፣ የዛሬዋን አዳማ፣ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነው የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም። ከቤት እስከ ኮሌጁ የሄድኩት በፈረስ ጋሪ ስለነበር አዲሱ ቀሚሴ ላይ የፈረስ ጸጉር ተለጥፎ ነው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊት የቀረብኩት።

ኃላፊው ዶክተር ታምራት ይባላሉ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ግን ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ። ማመልከቻዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሥነ ልቦና ተምረሻል። ጥሩ። ልዩ ጥናትሽ ግን ምንድን ነው ይሄ?»

«የመጀመሪያዎቹ ሱፊዎች ስለ ነፍስ የጻፉት ነው» አልኳቸው። «ከሺህ ዓመት በፊት ባስራና ባግዳድ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያታልል መርምረው ጽፈዋል።»

«እና ናዝሬት ላይ ምን ይሠራልናል?»

«እዚህ ራሱን የሚያታልል ሰው የለም እንዴ?»

ከኋላ የነበሩት መምህራን ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ረዳት ምሩቅ አድርገው ቀጠሩኝና ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አጠቃላይ ሥነ ልቦና እንዳስተምር መደቡኝ። ከበሩ ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ስሚ ልጅት፣ የራስሽን ጥናት አልከለክልሽም። ግን በቁጥር ይምጣ። ቁጥር የሌለው ነገር ማንም አያትምልሽም።»

እኔ የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መውሊድ ሲደርስ ግቢያችን ድንኳን ይተከላል፣ መንዙማ ይባላል፤ እኛ ልጆቹ ከስፌት መኪናው ሥር ተሸጉጠን እናያለን። አንድ ጊዜ፣ ሰፈሩን ሁሉ ሲሳደብ የሚውለው ጎረቤታችን ድቤው እየተመታ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ አየሁት። ደነገጥኩ። አባቴን «ማን መታው?» አልኩት። «ማንም አልመታውም፤ ከነፍሱ ጋር ተጣልቶ ነው» አለኝ። አድጌ፣ አረብኛ ተምሬ የጥንቶቹን ኪታቦች ስከፍት ያንን ጎረቤታችንን አገኘሁት። ቁጣው፣ ለቅሶው፣ ሲያለቅስ ሰው እንዲያይለት መፈለጉ፣ ሁሉም በየምዕራፉ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አላማረኝም።

እነዚያ ሰዎች ነፍስን በደረጃ ያስቀምጧታል። ከታች በክፉ የምታዝዘው አለች፤ መሀል ላይ አጥፍታ ራሷን የምትወቅሰው፤ ከላይ የተረጋጋችው። ዶክተር ታምራት ቁጥር ብለው የለ? እኔም መጠይቅ አዘጋጀሁ። «ነፍስዎ ከሦስቱ በየትኛው ደረጃ ላይ ትገኛለች?» የሚል ጥያቄ፣ ምልክት ከሚደረግባቸው ሳጥኖች ጋር። በአማርኛም በኦሮምኛም አዘጋጅቼ፣ አባዝቼ፣ በአግራፍ አያይዤ መቂ ወረድኩ።

መቂን የመረጥኩት ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ ሊቅ እዚያ እንዳሉ ስለሰማሁ ነው። ሽንኩርት ያለማሉ፣ ኪታብ ያቀራሉ። ማቅራት ማለት ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጦ እያስነበቡ ማስተማር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ግቢያቸው ሰው ተሰብስቦ ዚክር ይላል፤ የአላህን ስም እየደጋገመ ያወድሳል። ስደርስ ባለቤታቸው አደ ዘይነባ፣ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ ግቢ» ብለው እጄን ይዘው ከሴቶቹ ጋር አስቀመጡኝ። ዚክሩ ሲያበቃ ወረቀቴን አደልኩ። ማንበብ ለማይችለው እያነበብኩ፣ የሚችለው እርሳስ እየተቀባበለ ሞሉልኝ።

ሁሉም ሰው ከታች ያለችውን መረጠ! ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ዕድሜውን በጾምና በሶላት የጨረሰው፣ ሁሉም። አንድ የቲማቲም ደላላ ብቻ ከላይኛዋ ላይ ምልክት አደረገ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አየበትና ጮክ ብሎ አነበበው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ሴቶቹ እርስ በርስ እስኪደጋገፉ ድረስ ሳቁ። ደላላው ራሱ እየሳቀ፣ «ምን ላድርግ ታዲያ! ታች ያለውን ቦታ እናንተ ሞላችሁት» አለ።

ወረቀቶቹን ይዤ ናዝሬት ተመለስኩ። ዶክተር ታምራት አንዱን ገለጡ፣ ሌላውን ገለጡ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሁሉም አንድ ቦታ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ራስሽ ነሽ የሞላሽው!»

«ኧረ ወላሂ አይደለም!»

«ወላሂን የት ዓምድ ውስጥ ላስገባልሽ? ሂጂ፣ እንደገና ሥሪ።»

እንደ እብድ ተናድጄ መቂ ተመለስኩ። ሼህ ኢድሪስ ማሳቸው ዳር፣ ከውሃ ፓምፑ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈው ሻይ እየጠጡ ነበር። ፓምፑ ይንዶቆዶቃል። አደ ዘይነባ ከጎናቸው ሽንኩርት ይለቅማሉ፣ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ።

«አንቺ ነሽ ያቺ ጠያቂ?» አሉኝ ሼሁ።

«እኔ ነኝ፣ ሼህ።»

«ወረቀቱ እሺ አለሽ?»

«ምን እሺ ይላል! ሁሉም ሰው ዝቅተኛዋን መረጠ። አለቃዬም ራስሽ ነሽ የሞላሽው አሉኝ።»

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ሰው ተኝቶ ብታገኚው፣ ተኝተሃል ወይ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?»

«አልጠይቅም።»

«አዎ ተኝቻለሁ ቢልሽስ?»

«ዋሽቷል ማለት ነው።»

«በይ እንግዲህ። ነፍሴ ተረጋግታለች የሚልሽ ሰው፣ ያን ሲናገር ነፍሱ ምን እያደረገች እንደሆነ ገምቺ። ሰው እዚህ ደረስኩ አይልም። ቢደርስም አይልም፣ ነውር ነው። ያነበብሻቸው ኪታቦች ውስጥ ይሄ የለም?»

አለ እንጂ! አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፣ ስለ ይዩልኝ። ሰው ደግ ሥራውን ሌላው እንዲያይለት ብሎ መሥራቱ ነው ይዩልኝ። ምዕራፉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ሰዉ ሁሉ በአደባባይ ነፍሱን ከፍ እንዲያደርግ የሚጠይቅ ወረቀት ሳዘጋጅ አንዲት መስመር እንኳ ትዝ አላለችኝም።

«በዓይንሽ ነው ያነበብሽው» አሉኝ። «አሁን በጆሮዬ አንብቢው።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከናዝሬት ሞጆ፣ ከሞጆ መቂ። ኪታቡ ስለ ነፍስ ተንኮል የተጻፈ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ስሳሳት አይናገሩም። በጣታቸው የብር ቀለበት የሻይ ብርጭቋቸውን ኳ ያደርጉታል። ፓምፑ እያጓራ እኔ ራሴ ድምፄን በማልሰማበት ሰዓት እንኳ፣ አንዲት ቃል ካዛባሁ ኳ! የት እንደተሳሳትኩ ራሴ ፈልጌ ማግኘት አለብኝ። አቤት ያቺን ብርጭቆ እንዴት እንደምጠላት! ዛሬ ያንን ድምፅ የሚያሰማኝ ባገኝ ምን በወደድኩ።

ሥርዓቱ ይኼ ነው። ኪታቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመምህሩ ጆሮ ያነበበ ሰው ኢጃዛ ይቀበላል፤ የማስተማር ፈቃድ ማለት ነው። መምህሩ ከመምህሩ፣ እሱም ከመምህሩ ተቀብሎ እስከ ጸሐፊው ድረስ ይያያዛል። ፈቃድ የሌለው ሰው ኪታቡን ለራሱ ቢያነብ ማንም አይከለክለው። ሌላውን ማስተማር ግን አይችልም፤ ቢያስተምር ደፋር ይባላል። ይቺ ፈቃድ ከዲግሪዎቼ ሁሉ በላይ አጓጓችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንደሷ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር በሥራ ዘመኔ አልነበረም።

ሼሁ ሌላም ልማድ ነበራቸው። ንባቡን ምዕራፍ ሲያልቅ አያቆሙም። ሁልጊዜ ጥቂት መስመር፣ ወይም አንድ ገጽ ሲቀር መዳፋቸውን ያነሳሉ። «ይብቃ። ለመመለሻ ትቆይ።» ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያለቀለት ሰው አይመለስም» አሉ። «ቁራሽ ከቀረችለት ይመለሳል።»

አደ ዘይነባ ከሽንኩርቱ ቀና ብለው፣ «እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ» አሉ። «ሲያጩኝ ለአባቴ ወሬውን ከመሀል አቋርጠው ተነሱ። አባቴ መጨረሻውን ልስማ ብሎ መልሶ አስጠራቸው።»

ያ የመጠይቅ ውድቀት ደግሞ ጉድ አመጣ። ሰዎቹ ለምን ሁሉም ዝቅተኛዋን እንደመረጡ፣ ጥያቄውን ራሱን እንደ ስድብ እንዴት እንዳዩት ጽፌ ሶደሬ ላይ በተደረገ ዐውደ ጥናት አቀረብኩት። ተሰብሳቢው ግማሹ ልቡ ፍል ውሃው ላይ ነበር። ስለ ቲማቲም ደላላው ስናገር ግን አዳራሹ በሙሉ ነቃ። ጽሑፉ ታተመ። እኔም ሌክቸረር፣ ቀጥሎ ረዳት ፕሮፌሰር ሆንኩ። ዶክተር ታምራት የታተመውን ይዘው ቢሮዬ መጡና አገላብጠው አገላብጠው፣ «አንድ ቁጥር የለበትም እኮ!» አሉ። ከዚያ የጠረጴዛዬን አጭር እግር የሚያስተካክል ሰው ላኩልኝ።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ጋሪዎቹ ከአስፋልቱ ጠፉ፣ ባጃጆቹ ገቡ። ናዝሬት አዳማ ተባለች። ለሦስተኛ ዲግሪ ሄጄ ተመለስኩ። ተማሪዎቼ ስለ ይዩልኝ ሳስተምር፣ «መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይሉኛል፤ «በየቀኑ ይመጣል» እላቸዋለሁ፣ ይጽፉታል። መቂ ላይ ኪታቡ በቀንድ አውጣ ፍጥነት ይሄድ ነበር። አንድ ምዕራፍ ላይ ደጋግሜ ከተሳሳትኩ ሼሁ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። አደ ዘይነባ ስሜን ትተው «ጠያቂዋ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ስሄድ ሽንኩርት ሳልሸከም አይለቁኝም። ለቤቴ ሽንኩርት ገዝቼ አላውቅም።

ዶክተር ታምራት ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ራሳቸው ያሰቡት አንድ ነገር ነበር። በዚያ ኪታብ ላይ ሙሉ ኮርስ እንዲከፈት ከበላይ አስፈቅደው መጡ። በደስታ ዘልዬ እቅፍ የማደርጋቸው መስሏቸው ነበር።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳቸው። «ፈቃድ አልተቀበልኩም።»

«ምን ፈቃድ? እኔ አስፈቅጄ የለ!»

«ከመቂ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሦስተኛ ዲግሪ ይዘሽ የሽንኩርት ገበሬ ፈቃድ ትጠብቂያለሽ?»

«ገበሬው መምህሬ ናቸዋ!»

ተናደዱ፣ በሩን ወርውረው ዘግተው ወጡ። በማግስቱ ግን፣ «መቼ ይደርሳል ይቺ ፈቃድሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ሊደርስ ነው አልኳቸው። እውነቴን ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነበርን።

ከዚያ የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ደረስን። ለሼሁ ጋቢ፣ ለአደ ዘይነባ ሻሽ፣ ለሁላችንም ቴምር ይዤ ሄድኩ። ኪታቡን ስከፍት ውጭ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። የሽንኩርት ጭነት ቀን ነበር። ሼሁ መዳፋቸውን አነሱ። «ዛሬ ልብ የለም። ይቺ ገጽ ለመመለሻ ትቆይ።» እኔም ሳቅኩ። ቴምሩን በላን፣ ጋቢውን ለበሱት፣ ከጫኚዎቹ ጋር እየተጯጯሁ ሸኙኝ። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ምንም አልከፋኝም።

ወዲያው የፈተና ወቅት ሆነ፣ ቀጥሎ የእናቴ ሕመም መጣ። ክረምቱ ሲወጣ አደ ዘይነባ ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

«ጠያቂዋ፣ ሰውዬው ይረሳሉ።»

«ምን ረሱ?»

«ሽንኩርቱ ከተነቀለ ስንት ጊዜው። ዛሬ ፓምፑን አስነስተው ባዶውን መሬት ሲያጠጡ ዋሉ።»

በነጋታው መቂ ነበርኩ። ሼሁ ምንጣፋቸው ላይ ያንኑ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ንጹሕ፣ ጸጥ ያሉ ነበሩ። ሰላም አልኳቸው። እንደ እንግዳ መለሱልኝ።

«ማን ናት?» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው።

«ጠያቂዋ ናት እኮ!»

«ምን ልትጠይቅ መጣች?»

«ላነብልዎ ነው የመጣሁት፣ ሼህ» አልኳቸው። ኪታቡን አወጣሁ። አደ ዘይነባ ሻይ ቀድተው ብርጭቆውን እጃቸው አጠገብ አስቀመጡት። ቢስሚላህ ብዬ ያቺን የቀረችኝን ገጽ ጀመርኩ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳሳትኩ።

ኳ!

ቀና ብዬ አየኋቸው። አሉ! እዚያው ናቸው! ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ቀለበቱ ብርጭቆው ላይ ነው። ስህተቴን ፈልጌ አስተካከልኩና ቀጠልኩ። እንባዬ ፊደሉን እያጠፋብኝ አነበብኩ። ልጨርስ ጥቂት መስመር ሲቀረኝ መዳፋቸው ተነሳ።

«ይብቃ። ለመመለሻ ትቆይ።»

አደ ዘይነባ የሚለቅሙትን ሽንኩርት ጣሉት። «ኧረ ሼህ በአላህ! ይቺን ታህል ነው የቀራት! ትጨርስ!» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንብቢ ልጄ፣ ዝም ብለሽ አንብቢ። አያውቁም እኮ።»

ማንበብ እችል ነበር። የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን መምህሬ እጃቸውን አንስተዋል፤ ያ እጅ ተነስቶ አንብቤ አላውቅም። ኪታቡን ዘጋሁት።

ሼሁ ዓይናቸውን ገልጠው በደግነት አዩኝ። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ታነቢያለሽ። ይህን ኪታብ ማን አቀራሽ?»

«አንድ ሼህ ናቸው» አልኩ። «እዚሁ መቂ።»

«ፈቃድ ሰጥተውሻል?»

«ገና ነው። ትንሽ ቀርታኛለች።»

«በሕይወት አሉ?»

አየኋቸው። ጋቢው፣ ቀለበቱ፣ ጥፍራቸው ውስጥ ያለው የማሳው አፈር።

«አሉ» አልኳቸው።

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ?» ተቆጡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ተነሺ! ሂጂ ወደሳቸው! መምህርሽ በሕይወት እያሉ ሰው ቤት ቁጭ ትያለሽ?»

«እሺ ሼህ፣ እሄዳለሁ» አልኩና ተነሳሁ።

በሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። እግሬ ሥር አደ ዘይነባ ያሸከሙኝ ከረጢት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ «ምን ሆነሽ ነው እህቴ?» አለችኝ። «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላም ሄጃለሁ፣ ደጋግሜ ሄጃለሁ። በሄድኩ ቁጥር ያቺኑ ገጽ አነባለሁ፣ ስሳሳት ኳ ይላሉ፣ እዚያችው መስመር ላይ መዳፋቸው ይነሳል። በሄድኩ ቁጥር መምህሬ በሕይወት እንዳሉ ይጠይቁኛል፣ አሉ እላቸዋለሁ፣ ወደሳቸው ያባርሩኛል። አንድ ቀን ግን ሳልደርስ ቀረሁ፤ ሞጆ ላይ መኪና ስቀይር ነው አደ ዘይነባ የደወሉልኝ።

ለቅሶው ላይ ዶክተር ታምራት ከዘራ ይዘው ከአዳማ ድረስ መጡ። ከመቂ ገበሬዎች መሀል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ፈቃዱን ከማን ትቀበያለሽ?» አሉኝ።

«ከማንም።»

«ኮርሱስ?»

«አላስተምረውም።»

ይከራከሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተከራከሩም። እጄን ያዝ አድርገው ቆዩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ወጣት መምህራን ቤቴ ይመጣሉ። ማስተማር አልለውም፤ አብረን እናነባለን። እነሱ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ ሲሳሳቱ በማንኪያ ብርጭቆዬን ኳ አደርጋለሁ። ቀለበት ለማድረግ አልደፈርኩም። የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ስንደርስ ያቺው መስመር ላይ አስቆማቸዋለሁ። ባለፈው አንዷ፣ «ከዚህ በታችስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ በታች እኔም ለመምህሬ አላነበብኩላቸውም አልኳት።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይኼው ነው። ኪታቡ የትም አይሄድም፤ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ አሁንማ በስልካችሁም ታገኙታላችሁ። የሚሰማችሁ ሰው ግን ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሰውየው ሂዱ።